የእረኛ ውሻ የኤምዲአር1 ምርመራ፦ ምን ያህል ያዋጣል? ናሙናውስ ከዚያ በኋላ ማንን ይጠቅማል?

ኮሊ፣ አውስትራሊያን ሼፐርድ ወይም ሼትላንድ ሺፕዶግ የሚያሳድግ ሰው ለውሻው ከሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው የኤምዲአር1 ምርመራ ነው፤ አንዳንድ የተለመዱ መድኃኒቶች ውሻውን ሊመርዙት ይችሉ እንደሆነ የሚናገር የጂን ምርመራ ነው። ከውድ ምግቡም፣ ከማሰሪያውም፣ ውሻው ከየትኞቹ ዝርያዎች እንደተዳቀለ በመቶኛ ከሚነግረው ምርመራም ይቀድማል። ምርመራው የሚፈልገው ከጉንጭ ውስጥ የተፋቀ ጥቂት ሴል ብቻ ነው፤ የሚሰጠው መልስ ግን ውሻው በሕይወት እስካለ አይለወጥም። እዚህ የምንገመግመው በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ይህን ምርመራ ነው። አብረን ኦኤፍኤ የተባለውን ድርጅት የጤና መዝገብና የዲኤንኤ ባንክ እናያለን፤ ምርመራ የሚወለደው ባለቤቶች ከሚሰጡት ናሙና ነውና አንዱን ከሌላው ነጥሎ መገምገም ጎደሎ ይሆናል።

ነገሩ የጀመረው ትልንና ሌሎች ጥገኛ ተባዮችን በሚገድለው በአይቨርሜክቲን ነው። መድኃኒቱ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለእንስሳት በስፋት መሰጠት ሲጀምር ሌሎች ውሾች ምንም ሳይሆኑ ኮሊዎች ይንገዳገዱ፣ ራሳቸውን ይስቱ፣ ይሞቱም ነበር። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመሩት በአንድ የቃል ብሂል ነበር፦ እግሩ ነጭ ከሆነ አትስጠው። በ2001 ካትሪና ሚሊ እና ባልደረቦቿ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምስጢሩን ፈቱት። ኤምዲአር1 የተባለው ጂን ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፕሮቲን ያሠራል። ይህ ፕሮቲን በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሆኖ አንዳንድ መድኃኒቶች ወደ አንጎል ሊዘልቁ ሲሉ ወደ ደም መልሶ የሚገፋቸው ፓምፕ ነው። በእነዚህ ውሾች ጂን ላይ 4 የዲኤንኤ ፊደላት ጎድለዋል። አራት ፊደል ሲጎድል ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል፤ ፕሮቲኑም ሳይሞላ በአጭሩ ይቀራል። ፓምፕ ከሌለ መድኃኒቱ ያለ ከልካይ አንጎል ውስጥ ይገባል። ፓምፑ በጉበት፣ በኩላሊትና በአንጀትም ስለሚሠራ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣበት ፍጥነትም ይቀንሳል።

በ2004 የወጣ ጥናት ደግሞ ጉድለቱ በየዝርያው ለየብቻ የተፈጠረ አለመሆኑን አሳየ። ዝርያዎቹ በመዝገብ ሳይለያዩ በፊት፣ ከ1873 በፊት፣ በታላቋ ብሪታንያ ይኖር ከነበረ አንድ የጋራ ቅድመ አያት የተወረሰ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ እርስ በርስ በማይመሳሰሉ ውሾች ላይ የሚገኘው። ዩኒቨርሲቲው ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት የጉድለቱ ድግግሞሽ በኮሊ 70%፣ በአውስትራሊያን ሼፐርድ 50%፣ በሼትላንድ ሺፕዶግ 15%፣ በጀርመን ሼፐርድ 10% ገደማ ነው። በቦርደር ኮሊ ከ5% በታች ነው። የቦርደር ኮሊ ባለቤት ምርመራውን ቢያስደርግ አይከፋም፤ ያለው ገንዘብ ውስን ከሆነ ግን ኋላ የምንጠቅሳቸው ሌሎች ምርመራዎች ይቅደሙለት። የጀርመን ሼፐርዱ 10% ትንሽ ይመስላል። ከ10 ውሾች አንዱ ማለት ነው፤ የአንዱ ስህተት ዋጋ ሕይወት ሲሆን ትንሽ አይደለም።

ይህ ጉዳይ ለአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። ጀርመን ሼፐርድና ከእሱ የተዳቀለው ውሻ በየግቢው አለ፤ ለከብት የሚሆነው 1% የአይቨርሜክቲን መርፌም በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ይገኛል። ውሻው እከክ ሲይዘው ከዚያው ብልቃጥ ተቀድቶ ይወጋል። (በሰው በኩልም መድኃኒቱ እንግዳ አይደለም፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ ኦንኮሰርካን፣ ማለትም በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውን ዓይነ ስውርነት የሚያስከትል በሽታ ለመከላከል ለዓመታት በነጻ ሲታደል የኖረው ይኸው ነው።) አደጋው ያለው በስሌቱ ላይ ስለሆነ ስሌቱን በዝርዝር እንየው።

1% ማለት በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። የከብት ልክ በኪሎ 200 ማይክሮግራም ነው፤ ስለዚህ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። በዚሁ ልክ ለ25 ኪሎ ውሻ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሲሪንጅ ውስጥ ሲያዩት ጠብታ ነገር ነው፤ ምንም አያስፈራም። ለውሻ የልብ ትል መከላከያ በየወሩ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ግን በኪሎ 6 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ለ25 ኪሎ ውሻ 150 ማይክሮግራም ማለት ነው፤ ያ ግማሽ ሚሊ ሊትር ደግሞ 5,000 ማይክሮግራም ይዟል። ከ33 እጥፍ ይበልጣል። ጤናማ ፓምፕ ያለው ውሻ በኪሎ እስከ 2,000 ማይክሮግራም ድረስ ሊቋቋም ይችላል፤ ሁለቱም የጂን ቅጂዎቹ የጎደሉበት ውሻ ግን ከ100 ማይክሮግራም ገደማ ጀምሮ ይመረዛል። የከብቱ ልክ የዚያ እጥፍ ነው። ለእከክ የሚሰጠው ልክ ደግሞ በኪሎ ከ300 እስከ 600 ማይክሮግራም ይደርሳል፤ ያውም በተከታታይ ቀናት። ከዚህ ሁሉ ስሌት የሚወጣ አንድ መልካም ዜናም አለ፦ ወርኃዊው የ6 ማይክሮግራም ልክ ሁለቱም ቅጂ ለጎደለበት ውሻ እንኳ አደጋ የለውም። በፍርሃት የልብ ትል መከላከያውን ጭራሽ ያቋረጡ የኮሊ ባለቤቶች ውሻቸውን ለሌላ በሽታ አጋልጠዋል።

መመረዙ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ነው። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ለጊዜው ማየት ይሳነዋል፤ ሲብስ ራሱን ይስታል፣ ትንፋሹም ይደክማል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የሚያድነው መድኃኒቱ ከአንጎል እስኪወጣ ድረስ በፈሳሽ፣ በቱቦ ምግብና አስፈላጊም ከሆነ በመተንፈሻ መሣሪያ መደገፍ ነው። ይህም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በመርፌ ሳይሆን በአፍ የሚመረዙም አሉ፤ ፈረስ ወይም በግ የትል መድኃኒት በወሰደ ማግስት ውሻው ፋንድያውን ወይም በጠጡን ሲበላ፣ ወይም ከፈረሱ አፍ የወደቀውን ቅባት ሲልስ። እርሻ ላይ ለሚሠራ እረኛ ውሻ ይህ የዕለት ተዕለት አደጋ ነው። በጎቹ መድኃኒት ሲወስዱ ውሻው ለጥቂት ቀናት ከበረቱ ይራቅ።

አይቨርሜክቲን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእሱ ርቆ መኖር ይበቃ ነበር፤ ምርመራ ባላስፈለገ። ዝርዝሩ ግን ሰፊ ነው። ለሰው ተቅማጥ የሚሸጠው ሎፐራማይድ አለበት፤ 2 ሚሊ ግራም የሚመዝን አንድ እንክብል ለ20 ኪሎ ኮሊ ሲሰጥ በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ጉድለት ያለበትን ውሻ ለማደንዘዝና ለማንገዳገድ ይኸው ይበቃል። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጡት የማረጋጊያ መድኃኒቶች አሴፕሮማዚንና ቡቶርፋኖል ልካቸው መቀነስ አለበት፤ አንድ ቅጂ ለጎደለበት በ25%፣ ሁለቱም ለጎደሉበት ከ30 እስከ 50%። ከካንሰር መድኃኒቶች ቪንክሪስቲን፣ ቪንብላስቲን፣ ዶክሶሩቢሲንና ፓክሊታክሴል አሉ። እዚህ ላይ ነው የምርመራው ዋጋ በግልጽ የሚታየው። ሊምፎማ የያዘው ኮሊ በተለመደው ልክ ቪንክሪስቲን ሲወስድ ነጭ የደም ሴሎቹ በኃይል ይወርዳሉ፣ ትውከቱና ተቅማጡም ይብሳል፤ ባለቤቱ ካንሰሩ ያሸነፈው ሊመስለው ይችላል፤ ውሻውን እየጎዳ ያለው ግን የመድኃኒቱ ልክ ነው። የካንሰር ሕክምና ሳይጀመር የምርመራ ውጤት የማይጠይቅ ክሊኒክ ከገጠመ ባለቤቱ ራሱ ያንሳው። ዩኒቨርሲቲው የመድኃኒቶቹን ዝርዝር በድረ ገጹ በነጻ አውጥቶታል፤ ውሻውን ያላስመረመረ ሰው እንኳ አትሞ ለሐኪሙ ሊሰጥ ይችላል። ይህ በራሱ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ወደ ናሙና አወሳሰዱ እንምጣ፤ አብዛኛው ብልሽት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ምርመራው በደምም በጉንጭ ብሩሽም ይሠራል፤ የጉንጩን ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊወስደው ይችላል። ላብራቶሪው ምላስን ወይም ለሐጭን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ከጉንጭ ቆዳ ላይ የሚፋቁ ሴሎችን ነው። ስለዚህ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ለአንድ ሰዓት ለውሻው ምግብና አጥንት አይቅረብለት። የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ብሩሹን በጉንጩና በድዱ መካከል ማስገባት፣ ከውጭ በእጅ ጉንጩን ጫን ይዞ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ እያሽከረከሩ መፋቅ ነው። ደም እስኪመጣ መፋቅ አያስፈልግም፤ ለስላሳ ንክኪም አይበቃም። ሁለተኛውን ብሩሽ በሌላው ጉንጭ መጠቀም ይገባል። ከዚያ ብሩሹ ምንም ሳይነካው በንጹሕ አየር ይድረቅ። ደረቅ ብሩሽ ያለበት ኪት ሲሆን እርጥቡን ብሩሽ በላስቲክ ከረጢት ማሸግ ዋነኛው ጥፋት ነው፤ በመንገድ ላይ ሻጋታና ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ይበላዋል፤ ከላብራቶሪው የሚመጣው መልስም «ናሙናው አልበቃም» የሚል ይሆናል። በወረቀት ፖስታ ይሁን። ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ የሚልኩ ላብራቶሪዎችም አሉ፤ የእነሱ ተቃራኒ ነው፤ ማድረቅ የለበትም። መመሪያውን ሳያነቡ የአንዱን ዘዴ ለሌላው መጠቀም ብዙ ናሙና ያበላሻል።

ሁለተኛው ጥፋት መቀላቀል ነው። ገና የሚጠባ ቡችላ አፉ ውስጥ የእናቱ ሴልና ወተት ስላለ ውጤቱ የእናትና የልጅ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ከእናቱ ለአንድ ሁለት ሰዓት ለይቶ፣ አፉን በውኃ አጥቦ መውሰድ፣ ወይም ጡት እስኪጥል መጠበቅ ይሻላል። ከአንድ ሳህን የሚበሉ፣ አንድ አሻንጉሊት የሚነካከሱ ውሾችም እንዲሁ ተለያይተው ይቆዩ። ስም የሚጻፈው ከመፋቁ በፊት ነው። ስምንት ቡችላ ተራ በተራ ፍቆ በመጨረሻ ስም መጻፍ የጀመረ አርቢ የማን ብሩሽ የማን እንደሆነ ቢደባለቅበት አይገርምም። እያንዳንዱ ቡችላ የማይክሮቺፕ ቁጥሩ ከናሙናው ጋር ቢጻፍ ውጤቱ ለኦኤፍኤ ሲቀርብ ሙሉ ዋጋ ይኖረዋል፤ መታወቂያ የሌለው ውጤት የቃል ወሬ ያህል ነው።

ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ሁለቱም ቅጂ ጤናማ፣ አንዱ የጎደለ፣ ሁለቱም የጎደሉ። «ተሸካሚ ብቻ ነው፣ አይታመምም» የሚለው የተለመደ አነጋገር እዚህ አይሠራም። አንድ ቅጂ የጎደለበት ውሻ በአይቨርሜክቲን ከፍተኛ ልክም ሆነ በካንሰር መድኃኒት ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱ ከሁለቱ ያነሰ ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። ለአርቢዎች ግን ሌላ ምክር አለን። ጉድለት የተገኘባቸውን ኮሊዎች ሁሉ ከርቢ ማስወጣት ዝርያውን ያጠፋዋል፤ ጥቂት ጤናማ ወንዶች ብቻ ሲቀሩ ሁሉም ከእነሱ ይወልዳል፤ አንዱን ችግር ስናስወግድ እስከ ዛሬ ያልታየ ሌላ ችግር በየቤቱ ይበተናል። የሚሻለው በሌላ በኩል ጥሩ የሆነውን ውሻ ሁለቱም ቅጂ ጤናማ ከሆነ ጋር ማዳቀልና ቡችሎቹን መርምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ድግግሞሹን መቀነስ ነው። አንድ አንድ የጎደለባቸው ሁለት ውሾች ሲዳቀሉ ከቡችሎቹ በአማካይ ሩቡ ጤናማ፣ ግማሹ እንደ ወላጆቹ፣ ሩቡ ሁለቱም የጎደሉበት ይሆናል። አማካይ ነው፤ አንድ ወሊድ ላይ ሁሉም ጤናማ ወይም አብዛኛው ጎደሎ ሊሆን ይችላል።

የምርመራው ውስንነት ምንድን ነው? የሚያየው ያንኑ የአራት ፊደል ጉድለት ብቻ ነው። «ውሻዬ የጤና ምርመራ አልፏል» የሚል ሻጭ ይህን አንድ ወረቀት ብቻ ካሳየ ገዢው አይበቃኝም ይበል። እረኛ ውሾች ሌሎችም አሉባቸው፤ ምርመራዎቹም እኩል አያስተማምኑም። የኮሊ የዓይን ጉድለት ምርመራ አስተማማኝ ነው፤ ጂኑ በ2007 ታውቋል፤ ሆኖም ሁለት ጎደሎ ቅጂ ያለው ቡችላ ቀላሉን ይያዝ ወይስ ሬቲናው የሚላቀቅበትን ከባዱን አስቀድሞ አይናገርም። ስለዚህ ቡችሎች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላቸው በዓይን ሐኪም መታየታቸው አይቀርም፤ ከዚያ ከዘገየ በዓይኑ ውስጥ የሚያድገው ቀለም ቀላሉን ጉድለት ስለሚሸፍነው የታመመው ውሻ ጤናማ ይመስላል። ለቦርደር ኮሊ የነጭ የደም ሴሎች መታገድና የአንጎል ሴሎችን የሚገድለው ሲኤል5 የሚባለው በሽታ ምርመራ አላቸው፤ ሁለቱም ጥርት ያለ መልስ ይሰጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ወላጅ አንድ አንድ ቅጂ ካልመጣ ቡችላው አይታመምም። የአውስትራሊያን ሼፐርድ የዓይን ሞራ ምርመራ የሚለካው አደጋን ነው፤ ጤናማ ውጤት ያለውም ውሻ በሌላ ምክንያት ሞራ ሊይዘው ይችላል። ጀርመን ሼፐርድን በስተርጅና ከኋላ እግሩ ጀምሮ ሽባ የሚያደርገው የአከርካሪ ነርቭ መበስበስ በ2009 ሶድ1 ከተባለው ጂን ጋር መያያዙ ታውቋል፤ በሰው ላይ ኤኤልኤስ የሚባለውን በሽታ ከሚያስከትሉት ጂኖች አንዱ ይኸው ነው። ሆኖም ሁለት ጎደሎ ቅጂ ይዘው ሳይታመሙ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ ውሾች አሉ። ያ ወረቀት የሞት ፍርድ ተደርጎ መነበብ የለበትም።

ለሚጥል በሽታ ደግሞ ለአውስትራሊያን ሼፐርድም ሆነ ለቦርደር ኮሊ የሚሸጥ አስተማማኝ የጂን ምርመራ የለም። በቦርደር ኮሊ ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ከባድ ነው፤ በአንድ ቀን ደጋግሞ ይጥላል፣ ለመድኃኒትም አይበገርም። ምርመራ ያልተገኘው አንድ ጂን ብቻውን ስለማያመጣው ነው። እንዲህ ያለውን በሽታ ለመፍታት የሚያስፈልገው ብዙ በትክክል የተመዘገበ ናሙና ነው፤ የታመሙትም፣ ያልታመሙትም።

ስለዚህ ኦኤፍኤን እንይ። ድርጅቱ በ1966 የተመሠረተው ለዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት ነው፤ የዳሌ ራጅ ቋሚ ደረጃ የሚሰጠውም ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው። ዛሬ መዝገቡ ልብን፣ ዓይንን፣ ክርንን፣ የጂን ውጤቶችንም ይዟል። ማንም ሰው የውሻውን ስም አስገብቶ የወላጆቹን፣ የወንድም እህቶቹን ውጤት ያለ ክፍያ ያያል። ቡችላ የሚገዛ ሰው ሻጩን ከማመኑ በፊት እዚህ ይግባ። አንድ ድክመቱ ግን ያሳስበናል፦ የዳሌ ራጅ ጤናማ ሲሆን በራሱ ይወጣል፤ ጉድለት ሲገኝ ግን የሚወጣው ባለቤቱ በቅጹ ላይ ፈቅዶ ከፈረመ ነው። ብዙው ሰው አይፈርምም። ስለዚህ መዝገቡ ከእውነተኛው ሁኔታ ይልቅ የተሻለ ሥዕል ያሳያል። ቅጹን የሚሞላ ሰው ያቺን ፊርማ ይፈርም፤ የውሻውን ስም አያጎድፍም፤ የነገውን አርቢ ከስህተት ያድናል።

የዲኤንኤ ባንኩ በኦኤፍኤና በአሜሪካን ኬኔል ክለብ የውሾች ጤና ፋውንዴሽን ድጋፍ ቺክ በሚባለው ፕሮግራም ሥር የቆመ ነው። ከምርመራው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ናሙና የሰጠ ሰው ምንም ውጤት አይደርሰውም። ናሙናው ተቀምጦ ተመራማሪ ሲጠይቅ ይሰጣል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ይተዉታል፤ ያሳዝናል። ሥራው እንዴት ፍሬ እንደሚያፈራ የኮሊና የሼትላንድ ሺፕዶግ የቆዳና የጡንቻ ብግነት ያሳያል። ዴርማቶማዮሳይቲስ የሚባለው ይህ በሽታ ቡችላው ገና ወራት ሳይቆጠሩለት ፊቱን፣ የጆሮውን ጫፍ፣ የጅራቱን ጫፍና የእግሩን አጥንታማ ቦታ ያቆስላል፤ አንዳንዱን ማኘክና መዋጥ እስኪያቅተው ድረስ ጡንቻውን ያመነምነዋል። ለብዙ ዓመታት እንቆቅልሽ ነበር። በ2017 በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የሊ አን ክላርክ ቡድን ከባለቤቶች በተሰበሰበ ናሙና አንድ ሳይሆን ሦስት የጂን ቦታዎች አብረው አደጋውን እንደሚወስኑ አሳየ፤ ምርመራም ተዘጋጀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ ቤት ያለው አንድ ቱቦ ደም ብቻውን ምንም አይፈታም፤ ከሌሎች ጋር ሲደመር ግን ይህን ፈታ።

ተመራማሪ የሚወደው ናሙና ምን ዓይነት ነው? ደም ከሆነ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ ክዳኑ ወይን ጠጅ በሆነው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ። ከተቀዳ በኋላ ቱቦውን ሳይንጡ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ መገልበጥ፤ ካልተገላበጠ ይረጋል፣ የረጋ ደም ደግሞ ሥራ ያበዛል። በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፣ በረዶ አይሁን፤ በበረዶ ዕቃ ተጠቅልሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይላክ። ከውጭ አገር የሚልክ ሰው አስቀድሞ ላብራቶሪውን ይጠይቅ፤ ደም ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል፤ ደረቅ ብሩሽ ይቀላል። ደም የተሰጠው ውሻ ከሆነ ሳምንታት ይለፉ፤ የሰጪው ዲኤንኤ አብሮ ይገባልና። መድኃኒት መውሰዱ ግን እንቅፋት አይሆንም፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፊኖባርቢታል ዲኤንኤ አይለውጥም።

ከደሙ የማይተናነስ ዋጋ ያለው ወረቀቱ ነው። የሚጥል በሽታ ከሆነ መጀመሪያ የጣለበት ዕድሜ (ምክንያቱ ያልታወቀው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በ6 ወርና በ6 ዓመት መካከል ይጀምራል)፣ በስንት ጊዜ ልዩነት እንደሚደጋግም፣ የስኳር፣ የካልሲየምና የጉበት የደም ውጤት፣ ከተቻለ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይላክ። ቪዲዮው እጅግ ይጠቅማል፤ ባለቤት «ጣለው» የሚለው አንዳንዴ የልብ ማቋረጥ ወይም የጆሮ ውስጥ ችግር ሆኖ ይገኛልና። ከ5 ደቂቃ በላይ ከዘለቀ ግን ስልኩን ጥሎ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። የቆዳ በሽታ ከሆነ የተቆረጠው ቆዳ የላብራቶሪ ውጤት ይያያዝ። «ሐኪሙ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብሎኛል» የሚል ናሙና ከታመሙት ወገን ሊቆጠር አይችልም፤ በስህተት ከተቆጠረም ጥናቱን ያሳስታል። የወላጆቹና የወንድም እህቶቹ ናሙና ቢገኝ ዋጋው ይጨምራል። ደግሞም ያረጁ ጤናማ ውሾች ይረሳሉ፤ 10 ዓመት ሞልቶት አንድም ጊዜ ያልጣለው ቦርደር ኮሊ ለማነጻጸሪያ ወርቅ ነው። የሁለት ዓመቱ ጤናማ ውሻ ለዚህ አይሆንም፤ ነገ ሊታመም ይችላላ።

ገንዘብ ለመስጠት የሚፈልግ ሰው በ1995 በተመሠረተው የአሜሪካን ኬኔል ክለብ የውሾች ጤና ፋውንዴሽን በኩል፣ ወይም በየዝርያው በተቋቋሙት እንደ ኮሊ ሄልዝ ፋውንዴሽንና የአውስትራሊያን ሼፐርድ የጤናና የጂን ተቋም ባሉት በኩል ሊሰጥ ይችላል። የምንመክረው ለተለየ ጥናት መስጠትን ነው፦ በማን እንደሚመራ፣ ስንት ናሙና እንደሚፈልግ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይወጣ እንደሆነ የሚታወቅ ጥናት። በእኛ ግምት ግን በትክክል የተመዘገበ የታመመ ውሻ ናሙና ከመካከለኛ የገንዘብ ልገሳ ይበልጣል፤ ገንዘብ ከሌላም ይገኛል፣ ያ ውሻ ግን አንድ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሚነሳው ከባዱ ጉዳይ ነው፤ ሰው ልቡ ተሰብሮ ባለበት ሰዓት ስለሚመጣ አስቀድሞ ካልታሰበ ያመልጣል። ውሻው እንዲያርፍ ከተወሰነ ደሙ የሚቀዳው ልቡ ከመቆሙ በፊት ነው፤ ከቆመ በኋላ ከደም ሥር ማግኘት ይቸግራል። ይህም ካመለጠ ከጣፊያ ላይ ጥቂት ቁራጭ ተወስዶ በበረዶ ቢቀመጥ ለዲኤንኤ ይሆናል። የአከርካሪ ነርቭ መበስበስ የተጠረጠረበት ውሻ ከሆነ ደሙ ብቻ አይበቃም፤ በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። በዚህ ላይ ሲሠራ የቆየው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ተመራማሪዎቹን አስቀድሞ አነጋግሮ ምን፣ በምን ዕቃ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚፈልጉ ይጠይቅ። የተሞላ ቅጽና ስም የተጻፈበት ባለ ወይን ጠጅ ክዳን ቱቦ በክሊኒኩ የውሻው ፋይል ውስጥ ከሳምንታት በፊት ተቀምጦ ከቆየ በዚያ ቀን ባለቤቱ ከውሻው አጠገብ ከመሆን በቀር ሌላ የሚያስበው ነገር አይኖርም።